ስፓኒሽ በሚነገርበት ሰፈር በጉርብትና መኖር፦ በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በሜሪላንድ ዊተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ስፓኒሽ ነው። ወደ ሎንግ ብራንችና ወደ ላንግሊ ፓርክ በተጠጋ መጠን የሱቁ ሰሌዳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው ወሬ ሁሉ በዚሁ ቋንቋ ይሆናል፤ በላንግሊ ፓርክ ከነዋሪው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ነው። ከእኛ ወገን ወደነዚህ ሰፈሮች የገባው ብዙ ሰው ኪራዩ ስለተሻለው ወይም ቀድሞ የገባ ዘመድ ስለነበረው፣ "እስክንደላደል ድረስ" ብሎ የገባ ነው። ያ ጊዜ ግን አሥር ዓመት ያልፈዋል፣ ልጆችም ይወለዱበታል፣ ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ቤተሰብ ስም ግን ሳይታወቅ ይቀራል። በእኔ እምነት እዚህ ሰፈር ኑሮን የሚያከብደው፣ እነዚህ ጎረቤቶቻችን እቁብን፣ አበልጅነትንና ለቅሶ መድረስን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸውን ሳንረዳ መቅረታችን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ቤት ከመከራየት ተነሥተው ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት እስከሚደረገው ድረስ ይሄዳሉ።

ደረጃ 1፦ ውል ከመፈረም በፊት ካውንቲውን መለየት

የሞንጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ወሰን በእነዚህ ሰፈሮች መካከል ያልፋል። ሎንግ ብራንች በሞንጎመሪ፣ ላንግሊ ፓርክ በፕሪንስ ጆርጅስ ውስጥ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይደረሳል። ይሁን እንጂ የልጅዎ ትምህርት ቤት፣ የአከራይና የተከራይ ደንብ፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ ሁሉ የሚወሰነው በካውንቲው ነው፤ ስለዚህ የሚከራዩትን ቤት ትክክለኛ አድራሻ ይዘው በየትኛው እንደሚገኝ አስቀድመው ያረጋግጡ። ሞንጎመሪ በ2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያጸደቀው የኪራይ ማረጋጊያ ሕግ የዓመቱ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ አዳዲስ ሕንፃዎችና አንድ ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራዩ ሰዎች ግን በሕጉ አይገደዱም። አከራዩን "ይህ ቤት በሕጉ ይሸፈናል ወይ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ቤዝመንት የሚከራዩ ከሆነ አከራዩ የማከራያ ፈቃድ እንዳለው፣ እሳት ቢነሣ ደግሞ ከደረጃው ሌላ መውጫ መኖሩን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከቤቴዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያ ያለው የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ በ2017 ተጀምሮ በሎንግ ብራንችና በላንግሊ ፓርክ በኩል ያልፋል። የመንገድ ቁፋሮው ነጋዴዎችን ጎድቷል፣ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ኪራይ ይወደዳል የሚለውም ስጋት በሁሉም ቤት ይነሣል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጡ ከሆነ ይህን በሒሳብዎ ውስጥ ያስገቡ። ሰፈሩን ለማየት የሚሄዱት ደግሞ ማክሰኞ ቀን ሳይሆን ዓርብ ማታና እሑድ ከቀትር በኋላ ይሁን፤ የመኪና ማቆሚያው ችግርም የሰፈሩ ደስታም የሚታዩት ያን ጊዜ ነውና።

ደረጃ 2፦ "ስፓኒሾች" የሚለውን ስም መተው

በአማርኛ ወሬያችን ከሜክሲኮ እስከ ቦሊቪያ ያለውን ሕዝብ ሁሉ "ስፓኒሽ" እንለዋለን። ስፓኒሽ የቋንቋ ስም ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማያውቁትን የቀን ሠራተኛ "አሚጎ" ብሎ መጥራት ነው፤ ቃሉ "ወዳጄ" ማለት ቢሆንም ለባዕድ ሰው በዚያ ድምፅ ሲወረወር ንቀት እንጂ ወዳጅነት አይሰማበትም። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች ከላቲን አሜሪካ ተወላጆች መካከል በቁጥር የሚበልጡት የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፤ የጓቲማላ፣ የሆንዱራስ፣ የፔሩና የቦሊቪያ ሰዎችም በርካታ ናቸው። ሳልቫዶራዊውን "ሜክሲካዊ ነህ?" ብሎ መጠየቅ ኢትዮጵያዊን "ናይጄሪያዊ ነህ?" እንደማለት ነው፤ አይሰድብም፣ ግን አላየሁህም የማለት ያህል ነው።

አገሩን ለማወቅ ጥያቄ ባያስቀድሙ ይሻላል፤ "ከየት ነህ?" የሚለው በዚህ ዘመን "ወረቀት አለህ?" ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ቀድመው የራስዎን ይናገሩ፦ "ሶይ ደ ኤቲዮፒያ"፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሰው ነኝ። ጎረቤትዎ ከፈለገ የራሱን ይነግርዎታል፤ በእኔ ልምድ ሳይነግር የቀረ የለም።

የነገረዎት አገር ኤል ሳልቫዶር ከሆነ ጥቂት ታሪክ ማወቅ ይገባል። ከ1980 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት እጅግ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ወጥቷል። ጊዜው እኛም ከደርግ ሸሽተን በሱዳን በኩል እንወጣ የነበረበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ በዕድሜ የገፉ የሁለቱ አገር ሰዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ሳይነጋገሩ የሚግባቡበት ነገር አላቸው። ጳጳሱ ኦስካር ሮሜሮ መጋቢት ወር 1980 ቅዳሴ ላይ ሳሉ ተገድለዋል፤ በ2018 ሮም ውስጥ ቅዱስ ተብለዋል፤ ሥዕላቸውን ከጎረቤት ግድግዳ ላይ ካዩ የአቡነ ጴጥሮስን ስም በምናነሣበት አክብሮት ያንሡት። በ2001 መጀመሪያ ተከታትለው የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ደግሞ ለሳልቫዶራውያን ቲ.ፒ.ኤስ. የተባለውን ጊዜያዊ ከለላ አስገኝተዋል። ይኸው ከለላ በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቶ ስለነበር፣ ወረቀት በታደሰ ቁጥር የሚመጣውን የእንቅልፍ ማጣት ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጎረቤትዎ ምናልባት ይህን ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮበታል።

ጎረቤትዎ ከጓቲማላ ከሆነም ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። በጓቲማላ 22 የማያ ቋንቋዎች በይፋ ይታወቃሉ፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አፉን በአማርኛ እንዳልፈታ ሁሉ እነሱም እንዲሁ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ሰላምታውንና አክብሮቱን መማር

ሙሉ ቋንቋ መማር ለሁሉም አይቻልም፤ ሠላሳ የሚያህል ቃል ግን በአንድ ወር ይያዛል። ቅድሚያ የሚሰጠው ሰላምታ ነው፤ ጠዋት "ቡዌኖስ ዲያስ"፣ ከሰዓት በኋላ "ቡዌናስ ታርዴስ"፣ ማታ "ቡዌናስ ኖቼስ"። በደረጃው ላይ ሰው አልፎ ሰላም አለማለት በእነሱም ዘንድ ነውር ነው፤ አንድ ሱቅ ወይም የሐኪም መጠባበቂያ ክፍል ሲገቡ ለተቀመጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰላምታ መስጠት የተለመደ ነው። በሰው መካከል ለማለፍ "ኮን ፔርሚሶ" ይባላል። ሲበላ የደረሱበትን ሰው "ፕሮቤቾ" ይሉታል፤ በእኛ "እንብላ" የሚለው የሚበላው ሰው ሲሆን፣ በእነሱ መልካም ምግብ የሚመኘው የመጣው ሰው ነው፤ ይህን ሳያውቁ ዝም ብሎ ማለፍ እንደ ኩራት ይታያል።

አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሻለ ዕድል ያለው በአክብሮት አነጋገር ነው። እኛ "አንተ" እና "እርስዎ" እንደምንለይ ስፓኒሽም ይለያል፤ "ኡስቴድ" እርስዎ ነው፤ ለቅርብ ሰው የሚሆነው "አንተ" ደግሞ በብዙ አገሮች "ቱ" ሲባል፣ ሳልቫዶራውያን እርስ በርሳቸው "ቦስ" ይላሉ። ጀማሪ ለሁሉም ሰው "ኡስቴድ" ቢል አያጠፋም፤ ዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ሁልጊዜም ተገቢው እሱ ነው። በዕድሜ ትልቅ የሆነን ሰው ከመጀመሪያ ስሙ በፊት "ዶን"፣ ሴቷን "ዶኛ" ብሎ መጥራት ልክ እንደ አቶና ወይዘሮ ነው፤ እንደኛው ከአባት ስም ጋር ሳይሆን ከራስ ስም ጋር መሄዱ ለእኛ ይቀላል። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ አንዲት የተከበረች ትልቅ ሴት "ኒኛ" ተብላ ልትጠራ ትችላለች፤ ቃሉ በጥሬው "ልጅት" ማለት ስለሆነ ሲሰሙ አይደናገጡ፣ አክብሮት ነው።

ነገ እንገናኝ ሲባል "ፕሪሜሮ ዲዮስ" የሚል መልስ ይሰማሉ፤ በቀጥታ "እግዚአብሔር ካለ" የምንለው ነው። ንግግር በ"ፊሄሴ ኬ" ከጀመረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ደስ የማይል ወሬ ወይም ይቅርታ ነው፤ ቧንቧ ሠሪው እንዲህ ብሎ ከጀመረ ዛሬ እንደማይመጣ ይወቁት። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ "ክሪስቲያኖ ነኝ" የሚልዎት ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ወንጌላዊ (ፕሮቴስታንት) መሆኑን እየነገረዎት ነው፤ ካቶሊኩ "ካቶሊኮ" ይላል። ወንጌላውያኑ ብዙዎቹ መጠጥ አይጠጡም፤ ስለዚህ ለእንግድነት ጠጅ ወይም ቢራ ይዘው ከመሄድዎ በፊት ይህን ይለዩ።

ደረጃ 4፦ ምግብ፣ ጾምና የሥጋ መደብር

የሳልቫዶራውያን ዋና ምግብ ፑፑሳ ነው፤ ከበቆሎ ወይም ከሩዝ ሊጥ ተድቦልቡሎ፣ ውስጡ ተሞልቶ፣ ኮማል በሚባለው ምጣድ ላይ የሚጋገር ወፍራም ቂጣ ነው። በእጅ ይበላል፤ ኩርቲዶ ከሚባለው በኮምጣጤ ከተዘጋጀ ጥቅል ጎመንና ካሮት ጋር ይቀርባል። እሑድ ጠዋት በፑፑሳ ቤት የሚሰማው የእጅ ጭብጨባ ሊጡ ሲጠፈጠፍ ነው፤ እኔ ይህን ድምፅ ስሰማ የእናቴ ማድ ቤት ይታወሰኛል።

የጾመኛና የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ግን አምስት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛ፣ "ሬቡዌልታ" የተባለችው ፑፑሳ አይብ፣ ቦሎቄና የተፈጨ አሳማ የተቀላቀሉባት ናት፤ አሳማው "ቺቻሮን" ይባላል። ሁለተኛ፣ ቦሎቄ ብቻ ያላት እንኳ ቦሎቄው በአሳማ ስብ ሊታሽ ስለሚችል "ዬባ ማንቴካ?" ብለው ይጠይቁ፤ ማንቴካ ስቡ ነው። ሦስተኛ፣ በጾም ቀን "ሲን ኬሶ" ማለት ያለ አይብ ማለት ነው፤ "ኤስቶይ አዩናንዶ"፣ እየጾምኩ ነው ካሉ ደግሞ ይረዱዎታል፤ ካቶሊኮቹ በዐቢይ ጾም ዓርብ ሥጋ አይበሉም፣ ወንጌላውያኑም ይጾማሉ። አራተኛ፣ ሁሉም በአንድ ምጣድ ላይ ስለሚጋገሩ፣ ይህ ለሃይማኖትዎ የሚያስቸግር ከሆነ ኩርቲዶና የተጠበሰ ፕላንቴን ይበቃዎታል፤ የተጠበሰበትን ዘይትም ይጠይቁ። አምስተኛ፣ በዳቦ ቤቱ የሚሸጠው የሳልቫዶር "ኬሳዲያ" ከሜክሲኮው የተለየ፣ አይብ የገባበት ጣፋጭ ኬክ ነው፤ ከቡና ጋር እጅግ ይስማማል፣ ለጾም ግን አይሆንም።

"ካርኒሴሪያ" ከተባለው የሥጋ መደብር "ሬስ" የበሬ፣ "ቺቦ" የፍየል፣ "ሲን ግራሳ" ጮማ የሌለው ማለት ነው። ለክትፎ የሚሆን ሥጋ ሲገዙ ሳይፈጭ ቁራጩን ወስደው ቤትዎ ይክተፉት፤ የመደብሩ መፍጫ አሳማም ይፈጭበታልና።

ለጎረቤት ምግብ ሲልኩ የላቲን አሜሪካ ሰው ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ይወዳል ብለው አያስቡ። የሳልቫዶርና የጓቲማላ ምግብ በአብዛኛው ለስላሳ ነው። ዶሮ ወጥ ከመላክዎ በፊት በአልጫ ወይም በድፎ ዳቦ ይጀምሩ። ምግብ የመጣበትን ሰሃን ደግሞ ባዶውን አይመልሱ፤ በሁለቱም ቤት የሚታወቅ ወግ ነው።

ደረጃ 5፦ ድምፅ፣ ጢስና የመኪና ቦታ

ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲ ደንብ የቀኑ ሰዓት በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 3፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ድምፅ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ነው። ደንቡ ለእነሱ የኩምቢያ ሙዚቃ እንደሚሠራ ሁሉ ለእኛም የልደትና የምረቃ እስክስታ ይሠራል። ግብዣ ካለዎት ከሁለት ቀን በፊት በሩን አንኳኩተው ይንገሩ፤ በስንት ሰዓት እንደሚያበቃም ይናገሩ፤ ቢቻል ይጋብዙ። የእነሱ ሙዚቃ ቢያስቸግርዎት መጀመሪያ ራስዎ ሄደው በአክብሮት ይናገሩ። ለጥቃቅን ነገር ፖሊስ መጥራት በዚህ ሰፈር ከባድ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል፤ በዚያ ቤት ስለ ወረቀቱ በፍርሃት የሚኖር ሰው ካለ፣ በአንድ የስልክ ጥሪ የቤተሰቡን ሕይወት ሊያናጉ ይችላሉ። ጠብ፣ እሳት ወይም ሕመም ሲሆን ግን ሳያመነቱ 911 ይደውሉ፤ አስተርጓሚ አለ።

በአፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆሉና ዕጣን ሲያጨሱ ጢሱ ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ መስኮት ይክፈቱ። አንድ ጊዜ የቡና ጢስ የሕንፃውን ማንቂያ አስጮኾ ሁላችንንም በብርድ ወደ ውጭ አስወጥቶናል፤ ከዚያ በኋላ ቡና በቆላሁ ቁጥር ማዶ ያሉትን ወይዘሮ እጠራቸዋለሁ። እሳቸውም ከቡና አብቃይ አገር የመጡ ናቸው፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጡ አይሄዱም።

ደረጃ 6፦ ልጆችና ትምህርት ቤት

የሞንጎመሪ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኳቸውን ዋና ዋና መልእክቶች ከስፓኒሽ በተጨማሪ በአማርኛም ያወጣሉ፤ ስለዚህ በምዝገባ ቅጹ ላይ የቤት ቋንቋዎን በትክክል ይሙሉ። በአንዳንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግማሹ ትምህርት በስፓኒሽ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለ። ልጁ አማርኛውን ይረሳል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን አማርኛን የሚያስረሳው ቤት ውስጥ አለመናገራችን ነው እላለሁ፤ ሦስት ቋንቋ ይዞ የሚያድግ ልጅ ደግሞ በዚህ ሰፈር ብዙ ነው። ልጅዎን ግን በሐኪም ቤትም ሆነ በፍርድ ቤት አስተርጓሚ አያድርጉት፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ደረጃ 7፦ በዓላቱን ማገናኘት

የኤል ሳልቫዶር ስም "አዳኝ" ማለት ነው፤ የአገሪቱ ጠባቂም የዓለም መድኃኒት፣ በእኛ አጠራር መድኃኔዓለም ነው። በዓሉ ኦገስት 6 ቀን ይውላል፤ የጌታ መገለጥ በታቦር ተራራ የሚታሰብበት ቀን ነው። ይህ የእኛው ደብረ ታቦር፣ ቡሄ ነው፤ በቀን አቆጣጠር ልዩነት ነሐሴ 13፣ ማለትም ኦገስት 19 ስለሚውል ብቻ ተለያየን። ይህን ለአንድ ሳልቫዶራዊ ጎረቤት ነግሬው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተመልክቶኛል፤ በ19ኛው ቀን ልጆቹን ይዞ ሙልሙል ሊበላ መጣ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ሲውል፣ ጓቲማላ፣ ሆንዱራስ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ኒካራጓና ኮስታ ሪካ በ1821 ነፃነታቸውን ያወጁበት ሴፕቴምበር 15 ይከተላል። አደይ አበባ ይዞ ጎረቤት ለመሄድ የሚመች ሳምንት ነው። ሜይ 5 ግን የሜክሲኮ የጦር ሜዳ ድል መታሰቢያ ስለሆነ፣ ለመካከለኛው አሜሪካ ሰው "እንኳን አደረሰህ" አይባልበትም።

ገናን በዋዜማው ዲሴምበር 24 ማታ ያከብራሉ፤ ሌሊቱም ርችት አለው። የእኛ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ሁለት ገና መካፈል ይቻላል፤ የእነሱ ትርፍ ታማሌስ (በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የበቆሎ ሊጥ) ወደ እኛ፣ የእኛም ዳቦ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሴት ልጃቸው 15 ዓመት ሲሞላት የሚደግሱት "ኪንሴአኜራ" እንደ ሰርግ የሚቆጠር ነው፤ ከተጠሩ በሙሉ ልብስ፣ በፖስታ ገንዘብ ይዘው ይሂዱ። ካውንቲው ራሱም ይህን ጉርብትና አውቆታል፤ ሞንጎመሪ በ2011 ከኤል ሳልቫዶሩ ሞራሳን፣ በ2012 ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ስምምነት አድርጓል።

ደረጃ 8፦ እቁብ፣ አበልጅ፣ ወረቀትና ሐዘን

ጓቲማላውያንና ሳልቫዶራውያን "ኩቹባል"፣ ሜክሲካውያን "ታንዳ" የሚሉት የእኛው እቁብ ነው፤ በየተራ የሚወጣ፣ በመተማመን የቆመ ነው። ብትጋበዙ እንኳ አባላቱን በደንብ ሳታውቁ አትግቡ፤ በእኛም ቢሆን የማይታወቅ ሰው እቁብ አይገባም። የልጅን ክርስትና ያነሣ ሰው ከወላጆቹ ጋር "ኮምፓድሬ"፣ ሴቷ "ኮማድሬ" ይባላሉ። እንግሊዝኛ ለዚህ የዕለት ተዕለት ቃል የለውም፤ አማርኛ ግን አበልጅ ይለዋል፤ ክብደቱም ያው ነው።

እነሱ "ፓፔሌስ" የሚሉት በጥሬው ወረቀቶች ማለት ነው፤ እኛም "ወረቀት" የምንለው ያንኑ ነው። ስለ ማንም ወረቀት አይጠይቁ፣ የሰሙትንም ለሦስተኛ ሰው አያውሩ። የሕግ ምክር የሚፈልግ ጎረቤት ካለ "ኖታሪዮ" ነኝ ከሚል ሰው እንዲጠነቀቅ ያስታውሱት፤ በላቲን አሜሪካ ቃሉ ጠበቃን የሚያመለክት ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ፊርማ አረጋጋጭ ብቻ ነው፤ በዚህ ልዩነት የተታለለ ብዙ ነው። በ1985 የተመሠረተው ካሳ የተባለ ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱ ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ሆኖ ስደተኞችን ያማክራል።

ሞት ሲደርስ ካቶሊኮቹ ከቀብር በኋላ ለዘጠኝ ምሽት በቤት ውስጥ ይጸልያሉ፤ ቡናና ጣፋጭ ዳቦ ይቀርባል፤ ዓመት ሲሞላም "ካቦ ደ አኞ" ብለው ሙት ዓመት ያወጣሉ። አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሳይጠሩ መሄድ ይቻላል። ስኳር፣ ቡና ወይም ፓን ዱልሴ፣ ማለትም ጣፋጩን ዳቦ፣ ይዘው ይግቡ፤ "ሎ ሲዬንቶ ሙቾ"፣ እጅግ አዝናለሁ ይበሉ፤ ከዚያ ይቀመጡ። ጸሎቱን ባያውቁት ችግር የለውም። መዋጮ ካለ በፖስታ አድርገው ለቤተሰቡ ትልቅ ሰው ይስጡ። ዘጠነኛው ምሽት ከሁሉ የሚበዛው ሰው የሚመጣበት ስለሆነ፣ ወንበር ከቤትዎ ተሸክመው ቀደም ብለው ይድረሱ።